በመስኮቱ ሥር የተሰጠኝ ቦታ

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ባልዲውን ነው። ክዳን የሌለው የቀለም ባልዲ፣ ከደፉ አጠገብ፣ እስከ ግማሹ ድረስ ሽንት። ከኋላዬ ያለው ፖሊስ «ግባ» አለኝ፤ ለመግባት ባልዲውን መሻገር ነበረብኝ። ሃያ ሁለት ሰው ቀና ብሎ አየኝ። ሃያ ሦስተኛው እኔ ነበርኩ።

ያን ቀን ጠዋት በሐይቅ ዳሯ ከተማችን ፒያሳ ጥግ ላይ ባለችው ብስክሌት መጠገኛዬ፣ የጎማ ከመነዳሪ ውሃ ውስጥ ነክሬ ቀዳዳውን እየፈለግሁ ነበር። ሁለት ፖሊሶችና አንድ የቀበሌ ሰው መጡ። የቀበሌውን ሰው አውቀዋለሁ፤ የልጁ ብስክሌት እኔው ዘንድ ተገልብጣ ቆማ ነበር። «ጋሼ፣ ለአምስት ደቂቃ ነው» አለኝ። እጄን እስክጠርግ እንኳ ታገሠኝ። አርባ አንድ ቀን ቆየሁ።

ጥፋቴ አንድ ወረቀት ነበር። ለብዙ ዓመታት ድምፄን ለገዢው ፓርቲ ስሰጥ ኖሬያለሁ። ወድጄው አይደለም፤ ሌላ የሚመረጥ አልነበረም፣ ቢኖርም ከምርጫው ማግስት ጀምሮ ድምፁ አይሰማም። ቧንቧው በሳምንት አንድ ቀን ሲመጣ፣ የተማረች ልጄ ለሥራ ስታመለክት «አባል ነሽ?» ስትባል ቤቴ ውስጥ እቆጣለሁ፤ በምርጫ ቀን ግን እዚያው የፓርቲው ምልክት ላይ ኤክስ አድርጌ እመለሳለሁ። ይህን ያደረግሁት ልጆቼን ዋሻችሁ ብዬ የምገርፍ አባት ነኝ። በኋላ የሰፈራችን አንድ መምህር በግል ልወዳደር ብሎ የድጋፍ ፊርማ ማሰባሰብ ጀመረ። ወረቀቱን ሱቄ ውስጥ አስቀመጥኩለት። ጎማ ሊያስነፋ የመጣ ሁሉ እየፈረመ ሄደ። ወረቀቱን ፖሊሶቹ ወስደውት ሳለ እንኳ፣ በኋላ የተጠየቅሁት «ማን ማን ፈረመ?» ተብዬ ነው።

ክፍሉን የሚያስተዳድረው ካቦው ነበር። ካቦ ማለት እስረኛ ሆኖ የእስረኞች አለቃ ነው። ማን የት እንደሚተኛ፣ ማን ባልዲውን እንደሚደፋ እሱ ይወስናል፤ ከየቤቱ የሚመጣውን ምሳ ዕቃ ቀድሞ የሚከፍተውም እሱ ነው። የእኛው ካቦ ሰው ደብድቦ የገባ፣ ሳቂታ ወጣት ነበር። «ፋዘር» ይለኛል።

መስኮቷ አንዲት ናት፣ የሁለት ደብተር ስፋት። በሥሯ ከሐይቁ ዳር መንደር ከቡሹሎ የመጡ አንድ ሽማግሌ ይተኛሉ። አስም አለባቸው። ቦታውን ያገኙት ልጃቸው የምታመጣውን ዓሣ በሙሉ ለካቦው ስለሚተዉለት ነው። የታሰሩት መሬት ሊለኩ የመጡትን ሰዎች «ከማሳዬ ውጡ» ብለው ነው። አማርኛቸው አጭር ነው፤ ለትልቁም ለትንሹም «አንተ» ይላሉ።

እኔ ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም። አንድ ሳምንት ሙሉ እስረኞቹን ሰበክኋቸው። «ሰው የራሱን ምግብ ለመብላት ለምን ያስፈቅዳል? እዚህ ያላስተካከልነውን ውጭ ልናስተካክለው ነው?» እያልኩ። ሰባት ሰዎች በየተራ ጆሮዬ ሥር «ከጎንህ ነን» አሉኝ። ሽማግሌው ምንም አላሉኝም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የካቦ ምርጫ አለ። ሳጅኑ በሩ ላይ ወረቀት ይዞ ይቆማል፣ ሁሉም ለካቦው እጁን ያወጣል፣ በሩ ይዘጋል። ያን ቅዳሜ ሳጅኑ ለደንቡ ያህል «ሌላ ተወዳዳሪ?» አለ።

«ፋዘር አለ እንጂ!» አለ ካቦው። «አማራጭ አማራጭ ሲል አይደል የገባው? በናትህ ሳጅን፣ ይወዳደር!»

ክፍሉ ሳቀ። ሳጅኑም ፈገግ አለ። «ይወዳደራሉ?»

«እወዳደራለሁ።»

ሳቁ ቆመ።

ለካቦው እጅ ሲወጣ እሱ ለጨዋታ ሁለቱንም እጆቹን አወጣ። «ለእሳቸውስ?» አለ ሳጅኑ። ሰባቱን በየተራ አየኋቸው፤ ሰባቱም መሬት ያያሉ። አንድ እጅ ብቻ ወጣ። ሽማግሌው ናቸው፤ ክርናቸውን በሌላው እጃቸው ደግፈው ነበር የያዙት።

የእኔ እጆች ጉልበቴ ላይ ነበሩ። ባደግሁበት ቤት ሰው ለራሱ እጁን አያወጣም፤ በእድር ስብሰባ እንኳ የተጠቆመ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል። ልጆቼንም ያስተማርኳቸው ይህንኑ ነው።

«አንድ» ብሎ ጻፈ ሳጅኑ። በሩ ተዘጋ።

«ዴሞክራሲ ነው» አለ ካቦው እጆቹን እያፋተገ። «ተወዳዳሪ ይከበራል። ፋዘር ከዛሬ ጀምሮ መስኮቱ ሥር ነው። መራጩ ደግሞ ባልዲው ጋ።»

«ይህ ግፍ ነው» አልኩ። ቃሉ ትክክል ነበር። ነገር ግን ሁለት ወጣት እስረኞች ብርድ ልብሴን መስኮቱ ሥር ሲያነጥፉ ሄጄ ተቀመጥኩ። ከገባሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሐይቁ አየር ደረሰኝ። ጣመኝ። እንዲህ ያለውን ነገር ደብቆ ትዝታ መጻፍ ሌላ ውሸት ነው።

ባልዲውን የሚደፋው አጠገቡ የሚተኛው ነው። በማግሥቱ ጠዋት ሽማግሌው ሲያነሱት ተንገዳገዱና ጥቂት ፈሰሰ። ካቦው በራሳቸው ነጠላ አስጠረጋቸው። ያኔ ተነሥቼ የባልዲውን መያዣ ባንድ በኩል ያዝኩ። ወደ ሽንት ቤቱ ስንሄድ በየአምስት እርምጃው እየቆሙ ይተነፍሳሉ።

«አንተ» አሉኝ። «ለምን ራስህ እጅ አላወጣህም?»

«ነውር ነው አባባ። ሰው ራሱን አይመርጥም።»

አሰብ አደረጉ። «ብታወጣ ሁለት ነበርን» አሉ። «እኔ ብቻዬን ሆንኩ።»

ስንመለስ ካቦውን ቦታቸውን እንዲመልስላቸው ለመንኩት። «ምርጫ ተካሂዷል ፋዘር፣ እስከ ቅዳሜ ነው» አለኝ። ሳላስፈቅድ ልለውጥ እችል ነበር፤ ቢበዛ ይመቱኝ ነበር። ፈራሁ። አራት ቀን መስኮቱ ሥር ሆኜ ሲያፏጭ የሚውል ደረታቸውን አዳመጥኩ። ሐሙስ ከሰዓት ከንፈራቸው ጠቆረ። ሁለት ፖሊሶች ደግፈው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው። የሚተኙበት ካርቶን እዚያው ቀረ።

ቅዳሜ ሳጅኑ መጣ። «ሌላ ተወዳዳሪ?»

«እኔ አለሁ።»

«ደግሞ? እርስዎን ማን ይመርጣል?»

እጄን አወጣሁ። አንድ ሰው «ፋዘር አበደ!» አለ፣ ክፍሉም በሳቅ አውካካ። ፊቴ ነደደ፤ በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ሳጅኑ «አንድ» ብሎ እስኪጽፍ እጄን አላወረድኳትም። ከዚያ ብርድ ልብሴን አጣጥፌ ባልዲውን ተሻገርኩና የሽማግሌው ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ።

«ማን አዘዘህ?» አለ ካቦው።

«መራጭ ነኝ። የመራጭ ቦታ እዚህ ነው ያልከው አንተ ነህ።»

በጥፊ መታኝ። እዚያው ተቀመጥኩ። እስከምፈታ ድረስ ባልዲውን የደፋሁት እኔ ነኝ።

ክስ ሳይመሠረትብኝ ለቀቁኝ። በሦስተኛው ቀን ቡሹሎ ሄጄ የሽማግሌውን ቤት አጠያየቅሁ። ልጃቸው በር ላይ ጥቁር ለብሳ ቆማለች። ጤና ጣቢያ በገቡ በማግሥቱ ነው ያረፉት። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ትክ ብላ አየችኝ።

«መስኮት ሥር የተኛኸው አንተ ነህ?» አለችኝ፣ እንደ አባቷ «አንተ» ብላ።

«እኔ ነኝ።»

ግባ አላለችኝም። አልፈርድባትም።

መምህሩ ከውድድሩ ወጥቷል፤ የፊርማው ወረቀት አልተመለሰልኝም። እኔ አሁንም ከመነዳሪ እጠግናለሁ። ባለፈው የእድራችን ስብሰባ ለሊቀመንበርነት ተጠቆምኩ። ድምፅ ሲሰጥ እጄን ለራሴ አወጣሁ። ባለቤቴ ጎኔን ቆነጠጠችኝ፣ ልጄ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች፣ ከኋላ የሳቁም ነበሩ። አሁንም አፍራለሁ። ጸሐፊው ቆጥሮ እስኪጽፍ ድረስ ግን እጄን አላወርዳትም።