የዌንደል ጣሪያ ሁለት ቀለም ያወጣ ጊዜ

ዌንደል ፕሮሃስካ ዕድሜውን የጨረሰው በከተማችን የእህል ጎተራ በቆሎ ሲመዝን ነው። ጡረታ ሲወጣ ሰው ሁሉ ዓሣ ማጥመድ ይጀምራል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ እሱ ግን ልቡ የገና መብራት ላይ ነው። እኔ የምኖረው ፊት ለፊቱ ስለሆነ ገና ሲቃረብ መኝታ ቤቴ አምፖል አላበራም። ጋዜጣዬን የማነበው በዌንደል ጣሪያ ብርሃን ነው።

አምፖሎቹ የድሮ ናቸው፤ አውራ ጣት የሚያህሉ፣ ሲነኳቸው የሚፋጁ፣ ብርሃናቸው የቀለጠ ቅቤ የመሰለ። ያምራሉ። ችግራቸው ኤሌክትሪክ ሲጠጡ ለቤቱ አለማስተረፋቸው ነው። ባለቤቱ ዳርሊን በዚያ ሰሞን በገዛ ቤቷ ውስጥ ፈቃድ ጠያቂ ነበረች።

“ዌንደል፣ ፀጉሬን ላድርቅ?”

“ትንሽ ጠብቂ፣ በረንዳውን ላጥፋልሽ።”

እንዲህ እየተቻቻሉ ብዙ ገና አሳለፉ። ነገሩ የፈረሰው ቄሱ እራት የተጋበዙ ዕለት ነው። ዳርሊን ዳክዬ ምድጃ ውስጥ ከትታለች፤ ዌንደል ደግሞ ለቄሱ ክብር ብሎ ያለውን መብራት በሙሉ ለኮሰ። ቤቱ ድርግም አለ። ዌንደል ምድር ቤት ወርዶ የቆጣሪውን ማብሪያ መለሰው። ደግሞ ጠፋ። አሁንም ወረደ፤ ጣሪያውን ማጥፋት ግን እንደ ሽንፈት ቆጠረውና “አሁን ይይዛል” እያለ ወጣ ወረደ። በመጨረሻ ቄሱ በሻማ ብርሃን ዳቦ በአይብ በሉ። ዳክዬው ግማሽ ጥሬ ሆኖ ቀረ።

እንግዳው ሲሸኙ ዳርሊን፣ “ከእኔና ከአምፖሎችህ አንዳችንን ምረጥ” አለችው።

ዌንደል አሰብ አደረገና፣ “መልሱን እስከ መቼ ልስጥሽ?” አላት።

ያን ምሽት ሶፋ ላይ ነው ያደረው።

በዓመቱ መኸር ሲገባ ግን ሳይወድ በግድ አዲሶቹን፣ ኤሌክትሪክ የማይጨርሱትን ኤልኢዲ መብራቶች ፍለጋ ተነሳ። የመጀመሪያዎቹን ከትልቁ ሱቅ ገዛ፤ ካርቶኑ ላይ “ሞቅ ያለ ነጭ” ይላል። አልበቃ ሲለው የቀረውን በስልኩ አዘዘ፤ የእሱም ካርቶን ላይ “ሞቅ ያለ ነጭ” ይላል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለዚህ ነው። ዌንደል ሳይሞክር ጣሪያውን ከዳር እስከ ዳር ጠምጥሞ አበራ።

ግራው ቅቤ ነው። ቀኙ ሰማያዊ በረዶ።

መንገዱን ተሻግሬ ሄድኩ። “ዌንደል፣ ጥርስ መንቀል ጀመርክ እንዴ?”

“ለምን?”

“ግራው ቤት ነው። ቀኙ ክሊኒክ ነው።”

“ካርቶኑ ላይ አንድ ዓይነት ነው የሚለው።”

“እንግዲያስ ካርቶኑን ስቀለው።”

አልሳቀም። በማግስቱ መሰላሉን አቁሞ ሁሉንም አወረደ። ከዚያ በኋላ ከድሮዎቹ አንዷን አምፖል ኮቱ ኪስ ውስጥ አድርጎ በመኪና የሚደረስበትን ሱቅ ሁሉ አካለለ። ሶኬት ይጠይቅና የእሱን ከአዲሱ ጎን ያበራል፤ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ያያል፤ ራሱን ነቅንቆ ይወጣል። የሱቁ ሠራተኞች ከሩቅ ሲያዩት መደርደሪያ ኋላ መሄድ ለመዱ።

ትክክለኛው የመብራት ቀለም ያለው አንድ ሰው ጋ ብቻ መሆኑን አገር ያውቀዋል፤ የቀጣዩ ከተማ ሰው፣ ገበሬው ሊሮይ ቫቭራ። ሁለቱ አይነጋገሩም። አንድ ዓመት በገና መብራት ውድድር ሊሮይ አንደኛ ሲወጣ፣ ዌንደል በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሰው እየሰማ “ዳኛው የሚስቱ ዘመድ ነው” ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው በአገጭ ነው።

ስለዚህ ዌንደል ዳርሊንን ላከ። ኮላቼ የሚባለውን ጣፋጭ ዳቦ ጋግራ፣ መሐሉ ላይ የፕሪም ማርማላታ አድርጋ፣ ለሊሮይ ሚስት ለበርኒስ ይዛላት እንድትሄድ።

“ስለ መብራት እንዳታነሺ” አላት። “ስለ አየሩ ጀምሪና ቀስ ብለሽ ግቢበት።”

ዳርሊን ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ገና ሳትቀመጥ፣ “ዌንደል ነው የላከኝ፤ መብራታችሁን ከየት ገዛችሁት?” አለች።

በርኒስ ሳቋ መጣ። ሊሮይ ከጓዳ በምርኩዝ እያነከሰ ወጣ፤ ዳሌውን ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ነበር። ለካ ኦማሃ ከተማ ውስጥ ሲዘጋ ከነበረ ሱቅ የተረፈውን በሙሉ በአንድ ጊዜ ጠራርጎ ነው የገዛው፤ ሌላ ሰው እንዳያገኘው ብሎ። ግማሹ እንደታሸገ መጋዘኑ ውስጥ አለ። አሁን ግን ሐኪሙ መሰላል እንዳይወጣ ከልክሎታል።

“እሱ ራሱ ይምጣ” አለ ሊሮይ።

ዌንደል እየከበደው ሄደ። ሊሮይ በር ላይ ቆሞ ጠበቀው።

“ዳኛው የሚስቴ ዘመድ አልነበረም” አለው።

“እሺ።”

“የአክስቷ ልጅ ባል ነው።”

ዌንደል ከንፈሩን ነከሰ። ሊሮይ ቀጠለ፤ “የእኔን ቤት መጀመሪያ ትሰቅላለህ። የተረፈውን ትወስዳለህ።”

እንዲህ ሆኖ ዌንደል የባላጋራውን ጣሪያ ወጣ። ሊሮይ ግቢው ውስጥ ወንበር አስወጥቶ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ በምርኩዙ እየጠቆመ ያዛል። “ወደ ግራ። አይደለም፣ የእኔ ግራ።” እያንዳንዷ አምፖል በማያያዣ ተይዛ ቀጥ ብላ ካልቆመች አያልፋትም።

“ያንተ ቤት አምፖሎችማ” አለው፣ “እንደ ሰካራም አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ነው የሚጋደሙት። ባየኋቸው ቁጥር አንገቴን ያመኛል።”

ዌንደል ከላይ ሆኖ እጁን ገታ። “የት ታያቸዋለህ?”

“ሳልፍ ነዋ።”

“የእኛ መንገድ እኮ ወደየትም አያሳልፍም።”

እውነቱን ነው፤ መንገዳችን የሚያልቀው የእኔና የእሱ ቤት ጋ ነው። ሊሮይ ጉሮሮውን ጠረገ። በርኒስ ሾርባ ይዛ እየወጣች ሰምታ ኖሮ፣ “ገና በመጣ ቁጥር ይሄዳል” አለች። “የመኪናውን መብራት አጥፍቶ ቆሞ ያያል። እኔንም ይወስደኛል።”

ዌንደል ቀጣዩን አምፖል ቀጥ አድርጎ አሰረ። ዳርሊን እንደነገረችኝ ግን ያን ቀን ቤቱ ገብቶ ጓንቱን እንኳ ሳያወልቅ ወንበር ላይ ብዙ ተቀመጠ። ሲነሳ፣ “ሰካራም ይመስላሉ ያለው ልክ ነው” ብቻ አለ።

የራሱን ጣሪያ ሲያበራ ከዳር እስከ ዳር አንድ ቀለም ሆነ። አምፖሎቹም እንደ ወታደር ቀጥ ብለው ቆሙ። ዳርሊን ምድጃውን ለኮሰች፣ ፀጉር ማድረቂያውን ሰካች፣ ልብስ ማጠቢያውን ባዶውን አስጮኸች። ዌንደል ምድር ቤት ወርዶ ጠበቀ። ምንም አልሆነም። ሲወጣ ትንሽ ቅር ያለው መሰለኝ።

አሁን የገና በዓል ሲቀርብ አራቱ በዌንደል መኪና የሰው ቤት መብራት ሲያዩ ያመሻሉ። አንዴ እኔም በጠባቡ ተሸጉጬ አብሬያቸው ሄጃለሁ። አንድ ግቢ ደጅ ቆመን ነበር፤ ዛፉ እስከ ወገቡ አብርቶ ከዚያ በላይ ጨለማ ነው።

“ገመዱ አልቆባቸው ነው” አለ ዌንደል።

“ከላይ አለመጀመራቸው ነው” አለ ሊሮይ። “ከላይ ቢጀምሩ ማለቁ አይታወቅም ነበር።”

“ከላይ ቢጀምሩ ግንዱ ራቁቱን አይቀርም?”

“ግንድ ማን ያያል?”

“እኔ አያለሁ።”

በርኒስ ከኋላ፣ “እናንተ፣ ሰዎቹ በመስኮት እያዩን ነው” አለች። ዌንደል መስተዋቱን ዝቅ አድርጎ እጁን አውለበለበላቸው፤ ሊሮይ ደግሞ በምርኩዙ የዛፉን ጫፍ ያሳያቸው ጀመር።