የስለቱ ሳንቃ

ፔርፌክቶ አራፒ ወደ ጦር ሜዳ ሲዘምት ከስንቁ ሌላ አንድ የዝግባ ሳንቃ አዝሎ ነበር። እናቱ ጉሮሮዋ ተዘግቶ ሞት አፋፍ ላይ ሳለች፣ "ካተረፍክልኝ ምስልህን ቀርጬ በመንደራችን ጸሎት ቤት እሰቅላለሁ" ብሎ ለጉሮሮ ፈዋሹ ለቅዱስ ብላስ ተስሎ ነበር። እናቱ ዳነች፤ ሳንቃው ሳይቀረጽ ግን ክተት ታወጀ።

የፓራጓይ ጦር ብራዚልን ጨምሮ ከሦስት ጎረቤቶቹ ጋር በአንድ ጊዜ ይዋጋ ነበር። በጦር ሰፈሩ ውስጥ ወታደሩን የሚያስቅ ጋዜጣ ይታተማል፤ ሥዕሉ እንጨት ላይ በቢላ ተቀርጾ፣ ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ይጫንበታል። የጋዜጣው ኃላፊ ሃምሳ አለቃ ኢንስፍራን አራፒን አስጠራው።

"ሦስቱ ጠላቶቻችን አንዲት ከሲታ አህያ ላይ ተፈናጠው፣ ልጓሟን ወደየራሳቸው ሲጎትቱ አሳየኝ።"

"እንጨት የለኝም፣ ጌታዬ።"

"ታዲያ የተንተራስከው ምንድን ነው? ላባ ነው?"

አራፒ አንደኛውን ገጽ ቀረጸ፤ ሌላውን ለቅዱሱ አስቀረ። ከልጅነቱ የቅዱሳንን ፊት እንጂ ሌላ ቀርጾ ስለማያውቅ፣ ሦስቱም ጠላቶች ዓይናቸውን ወደ ሰማይ አቅንተው ወጡ። ሃምሳ አለቃው ራሱን ያዘ።

"አንተ ሰው፣ እነዚህ ሊያርዱን ነው የመጡት! አንተ ሊባርኩን የመጡ አስመሰልካቸው!"

አራፒ ገጹን ልጎ እንደገና ቀረጸ። የብራዚሉን አለቃ ቦርጫም አደረገው። ጋዜጣው ሲወጣ፣ የተቆላ በቆሎ ብቻ እየበላ የሰነበተው ወታደር ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ጦርነቱ በሽንፈት አለቀ። አራፒ ሳንቃውን ይዞ እያነከሰ ሲመለስ እናቱን ረኃብ ወስዷት ነበር። ስለት ስለት ነውና በንጹሑ ገጽ ቅዱሱን ቀርጾ ሰቀለው። አህያዋ ወደ ግድግዳው ዞረች። አገሩን የያዙት የብራዚል ወታደሮችም እዚያው ጸሎት ቤት ይሳለሙ ነበር።

በቅዱስ ብላስ ዕለት ጉሮሮውን የታመመ ሁሉ ምስሉን አውርዶ አንገቱ ላይ ያስጠጋል። በዚያ ዓመት ዣኑዋሪዮ የሚባል የብራዚል ወታደር አንገቱን በጨርቅ ጠምጥሞ መጣ። ጠመንጃውን በሩ ላይ አስደግፎ፣ ሳንቃውን አወረደና ዓይኑን ጨፍኖ የቅዱሱን ፊት ጉሮሮው ላይ አሳረፈ። የሳንቃው ጀርባ ከነአህያዋ ለሕዝቡ ተገለጠ።

ከመንደሩ አሮጊቶች አንዷ፣ እማማ ሬሚሂያ፣ ሳቃቸውን ለማፈን ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ወተፉ። ከኋላ አንዲት ሴት ሳቅ አመለጣት። ወታደሩ ዓይኑን ገለጠ፣ ሳንቃውን ገለበጠና ቆመ።

'አሁን ይሰብረዋል' አለ አራፒ በልቡ። 'ለእናቴ የተሳልኩት ስለት አበቃ።'

"ማነው የሠራው?"

"እኔ ነኝ። ያኔ ጦርነት ነበር።"

"ይሄ ቦርጫሙ የኛ አለቃ ነው?"

"አዎ።"

"ቦርጩን አሳንሰኸዋል።" ወታደሩ ጣቱን በአህያዋ የጎድን አጥንቶች ላይ አሳለፈ። "እቺ ግን እኔ ነኝ። ልክ ነች።"

ሳቁ መጣ፤ ወዲያው ጉሮሮውን ያዘ። "ኧረ አታስቁኝ፣ ያመኛል!"

"አንተ አይደለህ እንዴ የምታስቀን፣ ልጄ?" አሉት እማማ ሬሚሂያ።

ወታደሩ ቅዱሱን ተሳልሞ በገዛ እጁ መልሶ ሰቀለው። አራፒ አህያዋን ሲቀርጽ ማን እንደሆነች አስቦ አያውቅም ነበር። ሚስማሩ መጥበቁን በእጁ ነካ ነካ አድርጎ ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግስቱ ዣኑዋሪዮ ሁለት ጓደኞቹን ይዞ መጣ። አንዳቸውም ጉሮሯቸውን አልታመሙም።