በሁዳዴ የዘፈንኩት የሰርግ ዘፈን

ዐረብ አገር፣ ኻልዳ የሚባል ሰፈር ያለው ቤት ለሥራ ስገባ አረብኛዬ ትንሽ ነበር፤ ድምፄ ደግሞ ከእሱም ያነሰ። ማዳም «ጮክ በይ እንጂ!» ስትለኝ ጭራሽ ይጠፋብኛል። ሥራዬ እናቷን መንከባከብ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ተይታ ይላቸዋል፤ አያቴ እንደማለት ነው። እኔም ተይታ አልኳቸው። ስትሮክ መቷቸው ንግግራቸው ጠፍቷል፤ ቀኝ እጃቸውም አይታዘዝም።

ሰው በሌለበት ወለል ስወለውል አንጎራጉራለሁ። የማንጎራጉረው ሙሽራ ሲሸኝ የሰፈራችን ሴቶች እያጨበጨቡ የሚሉትን ዘፈን ነው። ያለ እሱ መወልወያው ራሱ ይከብደኛል። አንድ ቀን ቀና ስል የተይታ ግራ ጣት የተሽከርካሪ ወንበራቸውን ክንድ ይመታል። ምታቱን አልሳቱም። ከዚያ ወዲህ ሳበላቸውም በቀስታ አዜምላቸው ጀመር። ጭብጨባው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ስደርስ አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ማንኪያውን አስገባለሁ። ይህን ከእኔና ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ሁዳዴ ገባ። እኛ አገር በሁዳዴ ሰርግ የለም፤ በቤተ ክርስቲያን እንኳ ከበሮ አይመታም። እኔም ዘፈኑን ተውኩት።

ተይታ መጀመሪያ አፌን አፌን እያዩ ጠበቁ። ቆይተው ከንፈራቸውን ገጠሙ። ማዳም የምስር ሾርባ ሠራች፣ ሩዝ በእርጎ ለወሰች፣ ድንች ፈጨች። አንዱንም አልቀመሱም። ሐኪሙ ቤት ድረስ መጥቶ አያቸውና እስከ ሐሙስ ካልበሉ በአፍንጫቸው ቱቦ እንደሚገባ ተናገረ።

ማዳም ኩሽና ውስጥ አለቀሰች። «ከአንቺ እጅ ትበላ ነበር። ምን ሆነች?»

የጠረጠርኩትን አልነገርኳትም። ምን ብዬ? ዘፈን የሰው ጉሮሮ ይዘጋል፣ ይከፍታል ብል ማን ያምነኛል? እኔ ራሴ አላመንኩም።

ጎረቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ አለች፤ ልብስ ስናሰጣ በየጣሪያችን ሆነን እናወራለን። እስላም ናት፤ ያኔ እሷም ረመዳን ይዛ ነበር። ነገርኳት።

«አንቺ? ሰላምታ እንኳ በሹክሹክታ የምትሰጪው ዘፋኝ ወጣሽ?» ብላ ሳቀች።

«አትሳቂ እባክሽ። ጾም ነው፤ ምን ላድርግ?»

«እኔም ጾመኛ ነኝ። ግን ማዳሜ ከአፍጥር እስከ እንቅልፍ ድራማዋን ከነሙዚቃው ትለቅብኛለች። ጆሮዬን ነቅዬ ልጣለው? ይልቅ መዝሙር ሞክሪላታ።»

ሞከርኩ። የጾም መዝሙር ቀስ ያለ ነው፤ ተይታ እንቅልፍ ወሰዳቸው። መዝሙሩን ሳፈጥነው ዓይናቸውን ገለጡ፤ እኔ ግን እጄ ሳላስበው ማጨብጨብ ሲጀምር ደነገጥኩና ተውኩት። ቃሉ የመዝሙር፣ ምቱ የሰርግ ሆነብኝ። አፋቸው እንደተገጠመ ነው።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ማዳም በሩ ላይ ቆመች። «ነገ ነው እንግዲህ» አለች፤ አልሄደችም። ሰው ፊት ዘፍኜ አላውቅም። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ጀመርኩ፤ ግን ወደ መስኮት ዞሮ ሰው ማብላት አይቻልም። ዞርኩ። ማንኪያውን አንስቼ ቀጠልኩ። ጭብጨባው ቦታ ላይ ስደርስ ተይታ አፋቸውን ከፈቱ።

ማዳም እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ዘፈን ነው ማዳም። የሰርግ።»

«ማን ሊያገባ ነው?» እያለቀሰች ሳቀች። እሷም ማጨብጨብ ጀመረች፤ ግን ምቱን ስታበላሽ ተይታ ግንባራቸውን ቋጥረው አዩአት። እጇን ሰበሰበች።

«ለምን እስከ ዛሬ ደበቅሽኝ?»

«ጾም ስለሆነ ነው።»

«ጾም የምግብ አይደለም እንዴ?»

በአረብኛ ላስረዳት አልቻልኩም። በአማርኛ ብትጠይቀኝም የምችል አይመስለኝም። ስልክ ልደውል ብላ ወደ ሳሎን ሄደች። ቱቦው ይቅር ስትል ሰማኋት፤ እኔም ዘፈኑን ቀጥዬ ማብላቴን ያዝኩ።

ለታመመ ሰው ነው፣ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ለራሴ እንዲህ አልኩ። እውነትም ነው። የማይገባኝ ሌላ ነገር ነው። እየዘፈንኩ እግሬ ወለሉን ይመታ ነበር። ሰሞኑን እንደ ድንጋይ የከበደኝ ሰውነት ቀለለኝ፤ የቀረውን ቤት ሁሉ ልወልውለው አማረኝ። ይህ ደስታ ከየት መጣ? ለእሳቸው ብቻ የዘፈንኩ ከሆነ ከመጨረሻው ማንኪያ ጋር ማቆም ነበረብኝ።

ሳህኑ ባዶ ነበር። አፋቸውን ጠርጌላቸው ነበር። ተይታ ጠግበው ጣታቸውን አሳርፈው ያዩኛል። እኔ ግን ገና እየዘፈንኩ ነበር።