ቡቺ ሲሉት የማይሰማው ውሻ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ በኅዳር ሚካኤል ነው። ሰው ቢሰማው ይስቅበታል፤ እኔን ግን ወሩ አሥራ ሁለት ባለ ቁጥር ይከነክነኛል።

አገሬ ቦንጋ ነው። ላሊበላ የመጣሁት ለገና ልሳለም ነበር፤ ሥራ ሳገኝ በዚያው ቀረሁ። የአንድ እንግዳ ማረፊያ ዕቃ ቤት ጠባቂ ነኝ። እዚህ ዘመድ የለኝም። ብታመም የሚጠይቁኝ፣ ብሞት የሚቀብሩኝ የሰፈራችን ሴቶች የሚካኤል ማኅበር ናቸው ብዬ ነበር።

ውሻውን የተወችልኝ እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የተቀመጠች ፈረንጅ ናት። ወደ አገሯ ስትመለስ፣ «ለአይጥ አደን የተፈጠረ ዘር ነው፤ ሥራ ካላጣ አያስቸግርሽም» ብላ አስረከበችኝ። ቴሪየር ይሉታል። ከጉልበቴ አያልፍም፤ ፀጉሩ እንደ ብሩሽ ይሻክራል። ግን የዕቃ ቤቱን አይጥ ጨረሰልኝ።

ቤት አላሳድረውም፤ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ሣጥን አበጅቼለታለሁ። ከነካሁት ታጥቤ ነው እህል የምነካው። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እንዳይከተለኝ አስረዋለሁ። አይጥ የነከሰችውን አፍንጫውን በጨው ውኃ አጥብለታለሁ፤ መዥገሩን እለቅምለታለሁ። በጾም ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ ሽሮ ፍትፍት እየበላ አብሮኝ ይጾማል።

የቸገረኝ ስሙ ብቻ ነበር። ፈረንጇ ሚኪ ብላዋለች። እኛ ዘንድ ሚኪ ሚካኤል የተባለ ልጅ ቁልምጫ ነው። «ቡቺ» ልለው ሞከርሁ፤ ጆሮውንም አያነሳም። ስለዚህ ሰው ባለበት ዝም፣ ብቻችንን ስንሆን ሚኪ።

ኅዳር ሚካኤል የማኅበሩ ተራ የእኔ ነበር። ቄሱ ዳቦውን ባርከው ወደ ሌላ ቤት ወጡ። ሴቶቹ ተቀምጠዋል፤ ጽዋው መካከል ነው። ውሻውን ጓሮ አስሬዋለሁ። አይጥ አይቶ ይሁን እንጃ፣ ገመዱን በጥሶ በጓዳ በኩል ገባና ወደ ጽዋው ሮጠ። ያን ጊዜ ቡቺ ማለት ከየት ይምጣልኝ!

«ሚኪ! ውጣ! ሚኪ!» ብዬ ጮኽሁ።

እሱ ወዲያው ወጣ። ሴቶቹ ግን ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ማንን ነው የጠራሽው?» አሉኝ የማኅበሩ መሪ እማማ ይርገዱ።

«ውሻውን ነው እማማ። ስሙን ያወጣችው ፈረንጇ ናት፣ እኔማ…»

«በዕለቱ! በመልአኩ ቀን! ለውሻ!»

«ክንፉን የት ጥሎት ነው?» አለች አንዷ። ሌላዋ አፏን በነጠላዋ ይዛ እየሳቀች፣ «በአገርሽ እንዲህ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ዳቦውን ሳይቀምሱት ተነሡ። ጽዋው ጠበል ይረጭበት ተባለና ተወሰደ። በታኅሣሥ አልተጠራሁም። በጥርም አልተጠራሁም።

በየካቲት እማማ ይርገዱ በሬ ላይ ቆሙ። ጎተራቸውን አይጥ ፈጅቶታል፤ ለቤተ ክርስቲያን የለዩት የመገበሪያ ስንዴ እንኳ አልቀረም። «ያንን ውሻ ላንዳፍታ ብታውሽኝ» አሉ። የመገበሪያ ነገር ሆነብኝና ይዤው ሄድሁ።

ከጎተራው ሥር ገብቶ ቀረ። ድምፁም ጠፋ።

«ቡቺ! ቡቺ!» አልሁ። ወይ ፍንክች!

«ኧረ እዚያው ሞቶ እንዳይሸትብኝ! በሚያውቀው ጥሪው እንጂ!»

«አንቱ ይጥሩት» አልኋቸው።

ሰው እንደሌለ ዞር ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ተንበርክከው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና፣ «ሚኪ… ሚኪዬ፣ ና የኔ ጌታ!» አሉ።

አይጧን በአፉ ይዞ ወጣ።

ለእሱ ፍትፍት በሣህን ሰጡት። እኔንም፣ «ውሻ የበላበትን ሣህን አትመልሽው» አሉኝ። ስወጣ፣ «እማማ፣ እንግዲህ ማኅበሩስ…?» አልኋቸው።

«እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ጎተራ ያላት ሁሉ ውሻውን ትዋሰኛለች። ስሙንም ሁሉም ያውቀዋል። በአሥራ ሁለት ግን ነጠላቸውን አጣፍተው በደጄ ያልፋሉ፤ እኔ ቤቴ ነኝ። እሱ እማማን ሲያይ ጅራቱን ይቆላላቸዋል፤ ቂም አያውቅም። እኔ ግን ማታ አባታችን ሆይ ስል፣ «የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ዘንድ ስደርስ ድምፄ አይወጣም።