በደረቱ የሚሰማው ሬዲዮ ሠሪ

የአዳማ ሰው ጆቴን ከኋላው ሆኖ አይጣራም። ከኋላ ሆኖ የሚጣራ እንግዳ ብቻ ነው። አገሬው ዞሮ ፊት ለፊቱ ይቆምና እጁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ «አካም ጆቴ!» ይለዋል። ጆቴም የሰውየውን ከንፈር እያየ ይመልሳል። «ሰላም» ያሉት እንደሆነ «ላም» ብቻ ነው የሚደርሰው። ፉጨት፣ የወፍ ጭውጭውታ፣ የብስክሌት ቃጭል፣ ቀጭን የሆነ ነገር ሁሉ ከጆሮው ደጃፍ ላይ ይመለሳል። እንግዲህ የዚህ ሰው ሥራ ምን ይመስላችኋል? ሬዲዮና ቴፕ ጥገና!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጆቴ ከልጅነቱ ጀምሮ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በአንድ ጣሊያን የዱቄት ወፍጮ ቤት ሞተር ሲጠብቅ ኖሯል። ወፍጮው ቀጭኑን ድምፅ ከስንዴው ጋር ፈጭቶ ወሰደበትና ወፍራሙን ተወለት። የተወለትን ግን እንዴት አድርጎ! ከባድ መኪና ገና ከሞጆ በኩል ብቅ ሲል ሌላው ሳይሰማ እሱ በውስጥ እግሩ ያውቀዋል። የቴፕ ቤዝ ሲሆን ደግሞ መዳፉን ደረቱ ላይ ያሳርፍና ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል። «ጎድሏል» ካለ ጎድሏል፤ «ሞልቷል» ካለ ሞልቷል። እስካሁን ተሳስቶ ያየው የለም።

ቀጭኑን የምትሰማለት ሚስቱ ተሻለች ናት። ጆቴ ካቻቢቴውን ይዞ የተከፈተ ሬዲዮ ላይ ሲያጎነብስ፣ እሷ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ ሽንኩርትም ብትልጥ፣ ሹራብም ብትሠራ ጆሮዋ ሥራ ላይ ነው። ሲንጫረር አንድ ጣት፣ ሲያፏጭ ሁለት ጣት ታነሣለች፤ ድምፁ ጥርት ሲል እጇን ዘርግታ ታሳየዋለች። ደንበኛው ሴትዮዋ ባሏን የምታጫውት ይመስለዋል እንጂ ሬዲዮው በሁለት ሰው እየተጠገነ መሆኑን አያውቅም። ሁለቱም ይህን ለማንም አብራርተው አያውቁም፤ የጠየቃቸውም አልነበረም።

በ1975 ዓ.ም. ግን የሚጠይቅ መጣ። የከተማው ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኞች በማኅበር ተደራጁ። ማኅበርተኛ ያልሆነ ፈቃድ አይሰጠውም ተባለ፤ የሚሠራበት የቀበሌ ቤትም ለማኅበርተኛ ይተላለፋል። የጆቴ ሱቅ የቀበሌ ቤት ነበረች። ስለዚህ ማኅበርተኛው በተሰበሰበበት ቀን ማመልከቻውን ይዞ ወደ ማኅበሩ ግቢ ሄደ።

ሊቀመንበሩ አቶ ንዋይ ክፉ ሰው አልነበሩም። አዲስ አበባ ተምረው የመጡ፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ እጃቸው ንጹሕ የሆነ ባለሙያ ናቸው። የሽቦ መጠቅለያ ፕላስተር ከገበያ ሲጠፋ እሳቸው አልተቸገሩም፤ ከመድኃኒት ቤት ነጩን የቁስል ፕላስተር እየገዙ ይጠቀልሉበት ጀመር። የአቶ ንዋይ ሥራ ሲከፈት በነጭ ፕላስተሩ ይለያል። «ሬዲዮውን ክትባት ወግተውት ነው?» ይላል ከተማው።

«ጓድ ጆቴ» አሉት ፊት ለፊቱ ቆመው፣ እንዲገባው ቃሉን እየረገጡ። «በጸባይህ ማንም አያማህም። ግን ጆሮ የሌለው ሰው ሬዲዮ ይጠግናል ብለን ከመዘገብን፣ ነገ ዓይነ ስውር ሾፌር መዝግቡ ይሉናል።»

ግቢው በሳቅ ሞላ። ጆቴ ሳቁን አልሰማውም፤ ጥርሱን ግን አየው።

ከኋላ የተነሣው ባጫ ነው። ባጫ ወፍራም፣ ተጫዋች፣ ከሚጠግነው ይልቅ የሚያወራው የሚበልጥ ማኅበርተኛ ነው። «እንዴ ጋሼ ንዋይ! እኔ ሁለት ጆሮ ይዤ የገደልኩትን ሬዲዮ ስንቴ አስነሥቶልኛል። ያ ነማ፣ እናንተ ሰዎች፣ ቢያንስ ይፈተን!»

«ይፈተን! ይፈተን!» አለ ጉባኤው። በዚያ ዘመን ስብሰባ ውስጥ እንዲህ ያለ ጨዋታ ከየት ይገኛል!

አቶ ንዋይ ትንሽ አሰቡና ፈገግ አሉ። መፈተኛው ትዝ ብሏቸዋል። አብዱናሲር የሚባል የሻሸመኔ እህል ነጋዴ ቀይ ኮሮላ አለው፤ ከነፋብሪካ ቴፑ፣ ሁለት ስፒከር በፊት በሮቹ ላይ፣ አንድ ሞላላ ስፒከር ከኋላ ወንበር በላይ። ባለፈው ክረምት በሮቹ ውስጥ ውሃ ገብቶ የፊቶቹን ስፒከሮች ራሳቸው አቶ ንዋይ ቀይረውለታል። ከዚያ ወዲህ ሰውየው አዳማ በመጣ ቁጥር ያው አንድ ስሞታ ነው።

«ወላሂ፣ ዘፋኙ ሱሪ ሳይለብስ የቆመ ነው የሚመስለው! ከወገቡ በላይ አለ፣ ከወገቡ በታች የለም!»

አቶ ንዋይም ሁለት ጊዜ ከፍተው ዘግተው፣ «የፋብሪካው አሠራር ነው፤ ከዚህ በላይ ቤዝ አይወጣውም» ብለው መልሰውታል።

«ከዚያ መኪና ቤዝ ካወጣህ ስምህን በገዛ እጄ እጽፋለሁ» አሉት ጆቴን። «ግን ለብቻህ ነው። ወይዘሮ ተሻለች ወንበር ይሰጣቸዋል፤ በጣት መነጋገር፣ ከመቀመጫ መነሣት የለም።» ለካ እሳቸው አስተውለው ኖሯል።

ጆቴ አንድ ሳምንት ተሰጠው። የአንድ አሮጌ ራዲዮግራም ትልቅ ስፒከር ነበረችው፤ የወጥ ሳህን የምታክል፣ ወረቀቷ ጠርዝ ላይ የተሰነጠቀ። ስንጥቁን በሲጋራ ወረቀትና በግራር ሙጫ ደፈነው። እንዲህ ያለች አሮጌ ስፒከር ጉልበት አትጠይቅም፤ የመኪና ቴፕ ትንሿን ኃይል ሰጥቷት ብዙ ትመልሳለች። ከኮምፔንሳቶ ሣጥን ሠራላት፤ መገጣጠሚያውን በኮላ ዘጋ፣ ውስጡን በባዘቶ ሞላ። ቤቱ ውስጥ ሞክሮ እጁን ደረቱ ላይ ቢያደርግ ሞልቷል።

«አንቺ ከጎኔ ሳትኖሪ ቢያፏጭስ?» አላት ተሻለችን።

«ቢያፏጭ አትሰማው። የማትሰማው ነገር አያስደነግጥህ።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኮሮላው የማኅበሩ ግቢ ውስጥ ቆመ። ማኅበርተኛው ዙሪያውን ከቦ፣ አብዱናሲር የሻይ ብርጭቆውን ኮፈኑ ላይ አስቀምጦ፣ ተሻለች ጥግ ላይ ባለው ወንበር እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ። ጆቴ የፋብሪካውን ሞላላ ስፒከር ፈታ፣ ሣጥኑን በኋላው ኮፈን በኩል አስገብቶ በቀዳዳው ሥር አጠበቀው፣ ሁለቱን ሽቦዎች አገናኘ። አብዱናሲር ካሴቱን አስገባ።

ዘፈኑ ጮኸ። ባጫ ትከሻውን አንድ ሁለቴ ነቅነቅ አደረገና ቆመ።

«ሱሪውን ገና አልለበሰም» አለ ቅር ብሎት።

አቶ ንዋይ እጃቸውን አጣጠፉ። ጆቴ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ መዳፉን ደረቱ ላይ አሳረፈ። ባዶ። ወጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠና ወደ ሣጥኑ ተጠጋ፤ አለ። ተመልሶ ፊት ተቀመጠ፤ ጠፋ። ሌላ ሰው ቢሆን ላብ ያሰምጠው ነበር። ጆቴ ግን ሣጥኑን ያምናት ነበር፤ ቤት ውስጥ ሞልታለች፣ እዚህ የምትጎድልበት ምክንያት የለም። መንገድ ላይ የሚቀማ አለ ማለት ነው።

በካቻቢቴው የግራውን በር ልብስ ፈታ። ከስፒከሩ ጀርባ፣ መገጣጠሚያው ላይ፣ ነጭ የቁስል ፕላስተር።

ጆቴ ከኪሱ የእጅ ባትሪ ድንጋይ አወጣ። ድንጋዩን የኋላዋ ስፒከር ሽቦ ላይ ነካ ሲያደርግ ወረቀቷ ወደ ውጭ ዘለለች። በዚያው አያያዝ የበሩን ሽቦ ሲነካ ግን ወረቀቱ ወደ ውስጥ ገባ። የቀኙም በር እንዲሁ። ሽቦዎቹ ሲቀየሩ ተገልብጠው ገብተዋል። አንዱ ያፈሰሰውን ሌላው ይጠጣዋል፤ ወፍራሙ ድምፅ መሐል መንገድ ላይ ያልቃል። ከክረምቱ ወዲህ ሱሪ የጠፋው ለዚህ ነው።

ቀና ሲል አቶ ንዋይ ከበሩ አጠገብ ቆመዋል። ድንጋዩንም፣ ወረቀቱንም፣ ነጩን ፕላስተርም አይተዋል። የተተኮሰው ሸሚዛቸው አንገትጌ ላይ ላብ ጣል ጣል ብሏል።

«ምን አገኘህ?» ብሎ ጮኸ ባጫ፣ እጁን እያወዛወዘ። ሌሎቹም አንገታቸውን አሰገጉ።

እውነቱን እንናገርና ጆቴ መልአክ አይደለም። ያ «ዓይነ ስውር ሾፌር» የሚለው ነገር አሁንም ደረቱ ውስጥ ነበር፤ ደረቱ ደግሞ የገባበትን ቶሎ አይለቅም። አንድ ቃል ቢተነፍስ ሳቁ ሻሸመኔ ይደርስ ነበር፤ አብዱናሲር ራሱ በነጻ ይጭነዋል። ግን ከነገ ወዲያ አብሮ የሚሠራ ሰው ነው። በሰው አንገት ላይ ተረግጦ የተገባበት ቤት ደግሞ ምን መቀመጫ አለው?

«የፋብሪካ ነገር ነው!» አለ ጆቴ ጮክ ብሎ። «ፋብሪካም የሰው እጅ ነው፣ ይሳሳታል።»

የበሩን ልብስ መልሶ ገጠመና አጠበቀው። ከዚያ ወደ ኋላ ሄዶ የራሱን የሣጥኑን ሁለት ሽቦዎች አገላብጦ አሰረ። ሁሉም ስፒከሮች በአንድ ፊት እንዲተነፍሱ ያ ይበቃል።

«እስቲ አሁን።»

ካሴቱ ዞረ። መጀመሪያ ያወቁት እርግቦቹ ናቸው፤ ከቆርቆሮው ጣሪያ ላይ በአንድ ጊዜ ተነሡ። የአብዱናሲር የሻይ ብርጭቆ ኮፈኑ ላይ ትንሽ ትንሽ እየተራመደች ወደ ጠርዙ ሄደች፤ ባጫ ቀለባት። ከበሮው ከመሬት የወጣ መሰለ። አብዱናሲር ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ፣ «አልሐምዱሊላሂ፣ ለበሰ! ሰውየው ለበሰ!» እያለ መኪናውን ይዞራል።

ወዲያው ግን ፊቶች ተኮማተሩ። ከከበሮው ጋር አንድ ክፉ ነገር ይንጫረር ጀመር፤ ዝርርር፣ ዝርርር።

«ወረቀቱ ተቀደደ!» አለ ባጫ አዝኖ።

ጆቴ ፊታቸው ሲለወጥ አየ እንጂ የሰማው ነገር የለም። አቶ ንዋይ ፊት ለፊቱ መጥተው ቆሙ። በዚህ ጊዜ ድምፃቸው ለስለስ ብሎ ነበር፤ እሱን ግን ጆቴ አያውቅም።

«ጆቴ፣ ይንጫረራል።»

«እኔ አልሰማውም» አለ ጆቴ ሳያፍር። «የምሰማው ሞልቷል፤ በእሱ እምላለሁ። ቀጭኑ ግን የተሻለች ነው። በቤታችን ሁልጊዜም የተሻለች ነው። ይህን ደብቄ ማኅበር አልገባም።»

ተሻለች ከወንበሯ ተነሣች። ማንንም አላስፈቀደችም። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መልሳ በመኪናው ኋላ ዞረች፣ ጎንበስ ብላ አዳመጠችና መዳፏን ታርጋው ላይ ጫነች። መንጫረሩ ቀጥ አለ። እጇን አነሣች፤ ዝርርር። ጫነች፤ ጸጥ፣ ከበሮው ብቻ።

«ስፒከሩ ደኅና ነው» አለች። «ታርጋው ነው። አንዱ ብሎን የለም። እስከዛሬ የሚያንቀጠቅጠው ቤዝ ስላልነበረ ዝም ብሎ ኖሯል።»

«በሉ እንግዲህ!» አለ ባጫ ሆዱን ይዞ። «ባልና ሚስት ሲደመሩ አንድ ሙሉ ጆሮ ወጣቸው!»

ከኋላ አንድ ሰው፣ «ከመቀመጫ መነሣት የለም አልተባለም እንዴ?» ብሎ አጉረመረመ።

አቶ ንዋይ ዓይናቸውን ከታርጋው ላይ ሳያነሡ፣ «ማን ተነሣ? እኔ አላየሁም» አሉ።

መዝገቡን አስመጥተው ኮፈኑ ላይ ዘረጉና በዚያ ባማረ ጽሕፈታቸው በገዛ እጃቸው ጻፉ። ጆቴ ጉተማ፤ ሙያ፣ ወፍራም ድምፅ። ቀጥለው ተሻለችን የአባቷን ስም ጠየቋት።

«የኔን? ወልደአማኑኤል» አለች ግራ ገብቷት።

ተሻለች ወልደአማኑኤል፤ ሙያ፣ ቀጭን ድምፅ። «ሱቁ የሁለታችሁ ነው። ስብሰባ ግን ሁለታችሁም አትቀሩም» አሉ መዝገቡን እየዘጉ።

«ስብሰባ?» አለ ጆቴ። «እኔ ከሚባለው ግማሹን አልሰማ!»

«ለዚህ እኮ ነው የምንቀናብህ» አለ ባጫ።

አብዱናሲር በዚያው ቀን ሳይመሽ ወደ ሻሸመኔ ነጎደ፤ ለታርጋው ብሎን ተገኝቶለታል። ጆቴ በውስጥ እግሩ እስከ ከተማው ዳርቻ ሸኘው።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ አንድ ደንበኛ፣ አቶ ንዋይን ሱቃቸው ቢያጣቸው፣ እሳቸው የጀመሩትን ቴፕ ወደ ጆቴ ሱቅ ይዞ መጣ። ጆቴ ከፈተው። ነጩ የቁስል ፕላስተር እንደ ወትሮው ተጠቅልሏል። ግን በእያንዳንዱ ጥንድ ሽቦ አንደኛው ላይ፣ ፕላስተሩ ሥር፣ ቀጭን ቀይ ክር በጥንቃቄ ታስሯል፤ የቱ በየት በኩል እንደሚገባ ማንም እንዳይሳሳት። ጆቴ ክሩን በጥፍሩ ነካ አደረገና ብቻውን ፈገግ አለ።

«ምን አገኘህ?» አለችው ተሻለች ከበሩ አጠገብ፣ ፊቷን ወደ እሱ መልሳ።

«ምንም» አለ ጆቴ። «ጋሼ ንዋይ ጌጥ ጀምረዋል።»