የሰዒድ ብስክሌት

ይህ ታሪክ ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም፤ በየቤቱ ተመሳሳይ አለ። ግን ዛሬ ጠዋት አንድ ተማሪ በግቢያችን ኮረኮንች ላይ ብስክሌት ሲነዳ ካቴናው ተንኳኳና ድንገት የስምንት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ታላቅ ወንድሜ ሰዒድ ከኋላው አስቀምጦኝ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ ቤታችን እንወርዳለን። በአስፋልቱ አንሄድም፤ ኬላው ላይ ወጣት ለውትድርና ይታፈሳል። የእግር መንገዱ ድንጋይ ብቻ ነው። ብስክሌቱ ማርሽም ሞላም ስለሌለው እያንዳንዱ ድንጋይ ጥርሴን ያንቀጫቅጨዋል።

«አፍሽን ዝጊ፣ ምላስሽን ትነክሻለሽ!» ይላል እየሳቀ።

ከታች ጀናዛ የተሸከሙ ሰዎች ብቅ አሉ። ሰዒድ ወዲያው ወረደ።

«አትቁም፣ እንሂድ» አልኩት።

«ጀናዛ እያለፈ በብስክሌት ይኬዳል እንዴ? ነይ፣ ያዢልኝ» አለና ቃሬዛውን ሊሸከም ገባ።

እኔ ብስክሌቱን ይዤ ከመቃብሩ አጥር ውጭ ቆምኩ። ለውትድርና የሚያፍሱት ታጣቂዎች እዚያ ይጠብቁ ነበር፤ ወጣቱ ከቀብር እንደማይቀር ያውቃሉ። አፈሩ ተመልሶ ሳያልቅ ሰዒድን ወሰዱት።

ብስክሌቱን እየገፉ ቤት ያደረሱኝ ሽማግሌ እናቴን «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ፤ ዛሬ ሁለት ቀበርን» አሏት።

«አንድ ነው፤ እኔ አይቻለሁ» ብዬ አረምኳቸው።

እናቴ ሰዒድ ሲመጣ እንዲነዳው ብላ በየዒዱ ዋዜማ ጎማውን ታስነፋ ነበር። ጦርነቱ አለቀ፤ የተረፉት ተመለሱ።

የተማሪው ካቴና ድምፅ ራቀና ጠፋ። የሰዒድ ብስክሌት ግን ጎማው ተኝቶ እቤት ግድግዳ ተደግፏል። እናቴ ማስነፋቱን የተወችው በ1984 ዓ.ም.፣ በዒድ አልፈጥር ዋዜማ ነው።