አባቴ የተናገረበት ፊልም

ከረጢቷ ከመዳፍ ብዙም አትበልጥም። አባቴ ከጋቢ በተረፈ ጥጥ ሸምኖ፣ ጠርዟ ላይ ቀይ ጥለት ጥሎ የሰጠኝ ናት። ባለፈው ሳምንት ቁም ሣጥን ሳጸዳ ከልብሶቹ ሥር ወጣች፤ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋት የጥጥና የባሕር ዛፍ ጭስ ጠረን አሁንም አለቀቃትም። ውስጧ አንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ አለ። ሃርድ ዲስኩ መሥራት ካቆመ ቆይቷል። ቂሜ ግን ትናንት የተያዘ ይመስላል፤ ስለዚህ ልንገራችሁ።

ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ሽሮ ሜዳ፣ ትምህርት ቤቴ ወደ ዊንጌት በኩል። አባቴ በልጅነቱ ከደቡብ መጥቶ ሽሮ ሜዳ የቀረ ሸማኔ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ እግሩን ከሽመና ዕቃው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ ያመላልሳል። ያ ጧ ጧ የሚል ድምፅ የቤታችን ሰዓት ነበር። አባቴ ብዙ አያወራም። ልጅን ፊቷ ላይ ማመስገን ያበላሻታል ብለው ከሚያምኑት ወገን ነው። ከክፍል አንደኛ ወጥቼ ካርዴን ሳሳየው ገልብጦ ጀርባውን ያይና "እዚህጋ ምንም አልጻፉም?" ይለኛል። በቃ፣ ምስጋናው ያቺው ናት።

ትምህርት ቤታችን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተደረደሩ፣ በእርዳታ የመጡ አሮጌ ኮምፒውተሮች ነበሩት። የኮምፒውተር መምህራችን ቫይረስ እንዳይጨርሳቸው ብሎ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ጫነባቸው። እስከዚህ ድረስ የእሱ ሥራ ነው፤ አልነፍገውም። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የእኔ ነው። ሊኑክስ ፕሮግራም ሲያስፈልገው ከየቦታው አይለቅምም፤ የምንጮቹ አድራሻ በአንዲት ትንሽ ፋይል ውስጥ ተጽፎለት ሁሉንም ከዚያ ያመጣል። ምንጮቹ ባሕር ማዶ ናቸው፤ የእኛ ኢንተርኔት ደግሞ ዝናብ በመጣ ቁጥር ይጠፋል። ከሁሉ የባሰው፣ ያን ጊዜ ሲስተሙ ሲጫን ዘፈንና ፊልም የሚያጫውቱት ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ ጥቅሎች የሚባሉት፣ አብረውት አይመጡም ነበር። በፈቃድ ምክንያት ተለይተው ሌላ ምንጭ ላይ ስለሚቀመጡ ለብቻቸው ተፈልገው መጫን ነበረባቸው። ኮምፒውተሮቻችን ማንበብና መጻፍ ይችላሉ፤ መስማት ግን አልተሰጣቸውም።

ክረምቱን ሙሉ ስመላለስ ከረምኩ። የአክስቴ ልጅ የሚሠራበት ኮሌጅ ጥሩ መስመር ነበረው። የጥቅሎቹን ስም በደብተር ጽፌ እሄዳለሁ፣ አንድ በአንድ አወርዳለሁ፣ ሃርድ ዲስኩን ጉያዬ ውስጥ ሸጉጬ ዝናብ እየመታኝ እመለሳለሁ። አንዱ ጥቅል ሌላውን ይጠራል፤ ያኛው ደግሞ ሌላ ሁለት። አንዱ ከጎደለ ሁሉም እምቢ ይላሉ፤ በማግሥቱ እንደገና የታክሲ ወረፋ። አባቴ አንድ ቀን ደብተሬን አንስቶ ቢያገላብጠው ምንም አልገባውም።

"አንዷ ክር ከጎደለች ድሩ አይያዝም ማለት ነው?" አለኝ።

"አዎ፣ እንደዚያ ነው።"

በሦስተኛው ቀን ከረጢቷን ሰጠኝ። ዕቃሽ ታክሲ ውስጥ እንዳይጋጭብሽ አለ እንጂ ሌላ ቃል አልጨመረም። ክረምቱ ሲወጣ የምንጮቹን ፋይል ከፈትኩ፣ የባሕር ማዶውን አድራሻ አጥፍቼ በምትኩ የእኔን ሃርድ ዲስክ አስገባሁ። ፊት ለፊት ያለው፣ ከፕሮጀክተሩ ጋር የተያያዘው ኮምፒውተር የመጀመሪያውን ዘፈን ሲያሰማ ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ጨፈርኩ።

ጥቅምት ላይ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች መጡ። መምህሩ ክራቫቱን አሥሮ በየኮምፒውተሩ መሃል አዞራቸው። "ይህን ሁሉ በእረፍት ጊዜዬ ነው ያሰባሰብኩት፤ ምንጩን እዚሁ አመጣሁት" አላቸው። አንዲት እንግዳ ጥግ ላይ ቆሜ አየችኝና "ይቺስ?" አለች።

"እሷ ኪቦርድ ታጸዳልናለች። የሸማኔ ልጅ ናት፣ ጣቷ ፈጣን ነው።"

ሳቁ። እኔም፣ እግዜር ይይልኝ፣ አብሬያቸው ሳቅሁ። እስከ ዛሬ የምታቃጥለኝ ያቺ የራሴ ሳቅ ናት።

እናቴ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይዛኝ ትሄዳለች። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እኔ ደግሞ ጸሎቱን ለእናቴ ትቼ ቂሙን ያዝኩ። ወራት ጠበቅሁ። ፊቱ ላይ ፈገግ እላለሁ፣ የታዘዝኩትን ሁሉ እሠራለሁ፣ ኪቦርዱንም እጠርጋለሁ።

የጠበቅሁት ቀን የወላጆች ቀን ሆኖ መጣ። መምህሩ ካሜራ ተውሶ የወላጆችን ሥራ እየዞረ ቀርጾ ነበር፤ ፊልሙን ለሁሉም ወላጅ ሊያሳይ ነው። ማንን እንደቀረጸ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። እኛ ቤት ይመጣል ብሎ ማን ያስባል? በዋዜማው፣ ዓርብ ጠዋት ሞከረው፤ ምስሉም ድምፁም ሠራለትና እጁን እያፋተገ ወጣ። ምሳ ሰዓት ላይ የማጽጃ ጨርቄን ይዤ ገባሁ። ድምፁን የሚያሰሙትን ጥቅሎች ከፕሮጀክተሩ ኮምፒውተር ላይ አንድ በአንድ አራገፍኳቸው። ምስሉን ተውኩለት። ጭራሽ ባይከፈት "ፋይሉ ተበላሸ" ብሎ ይገላገላል፤ እኔ የፈለግኩት ተከፍቶ እንዲያዋርደው ነው። ከዚያ እንደገና ልጫናቸው ቢል እንዳያገኛቸው የምንጮቹን ፋይል ከፍቼ አድራሻውን ወደሌለ ቦታ አዞርኩት። ሃርድ ዲስኩን ነቅዬ በከረጢቷ ከተትኩና ቤቴ ገባሁ። ያን ቀን እራቴን በደንብ በላሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ጉድጓዱ ውስጥ አልገባም። ይህ ራሱ ሊያነቃኝ ይገባ ነበር። ፂሙን ተላጭቷል፣ ለበዓል የምትወጣውን ኮት ለብሷል፣ መንገድ ላይ ለብቻው ፈገግ ይላል።

"ምንድን ነው አባዬ?"

"ምንም። ዝም ብለሽ ሂጂ።"

ሃርድ ዲስኩን ቤት ጥዬው ልሄድ አልደፈርኩም፤ ከረጢቷን ይዣት ነበር። አዳራሹ አዲስ ሰም የተቀባ ወለል ይሸታል፤ ኮምፒውተሩና ፕሮጀክተሩ ከክፍላቸው ወጥተው እዚያ ተተክለዋል። መስኮቶቹ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍነው፣ ጨርቁ ባልደረሰበት በኩል የገባው ፀሐይ አቧራውን ያሳያል። ፊልሙ ተጀመረ። ዳቦ ቤት ያላት የአንድ ተማሪ እናት ብቅ አለች፤ አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ሰው አጉረመረመ። ቀጥሎ ጎሚስታ የሚሠራ አባት መጣ፤ መዶሻውን ያነሳል፣ ያወርዳል፣ ዝም። ኋላ የተቀመጡ ተማሪዎች ራሳቸው ድምፅ ያወጡለት ጀመር፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። መምህሩ ሽቦ ይነቅላል፣ ይሰካል፣ ላቡ አንገቱ ላይ ይወርዳል። በመጨረሻ ማይክ ያዘ።

"አንቺ ልጅ፣ የት ነሽ? ነይ እስኪ፣ ነይ አስተካክይልኝ።"

ስጠብቅ የከረምኩት ይህችን ነበር። ካለሁበት ብድግ አልኩ።

"ቲቸር፣ እኔ ኪቦርድ ነው የማጸዳው" አልኩት።

ሳቁ ወደ እሱ ዞረ። ተቀመጥኩ። እንዲያ የሚጣፍጥ ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልቀመስኩም፤ እውነቱን ለምን እደብቃለሁ?

ቀና ስል ስክሪኑ ላይ ያለው አባቴ ነበር። ከበሩ የሚገባው ብርሃን ግማሽ ፊቱ ላይ አርፏል። መወርወሪያው ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ያ ጧ የሚለው የለም። ከዚያ አቆመው። እጁን ድሩ ላይ አሳርፎ ወደ ካሜራው ቀና አለና ማውራት ጀመረ። የማያወራው አባቴ ረጅም አወራ። በመሃል ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የትምህርት ቤት ቦርሳዬ ጣቱን ቀሰረ። ሁለት እጁን አቀራርቦ የከረጢቷን ልክ አሳየ። ሳቀ። እንደገና አወራ፤ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ።

ከጎኔ የተቀመጠው አባቴ ወደ ፊት ጎንበስ አለ። እጁን ወደ ጆሮው ወሰደ።

"ጆሮዬ ነው እንዴ?" አለኝ በሹክሹክታ።

"አይ አባዬ፣ ማሽኑ ነው።"

ሃርድ ዲስኩ ጭኔ ላይ ነበር። አሥር ደቂቃ ይበቃኝ ነበር፤ አድራሻውን መመለስ፣ ጥቅሎቹን መጫን፣ ፊልሙን ከመጀመሪያው ማስነሳት። ነገር ግን ከተነሳሁ ድምፁን ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ ሁሉም ይገባዋል። መምህሩም ይድናል። እንዲድን አልፈለግኩም። ከረጢቷን በሁለት እጄ ጨብጬ እስኪያልቅ ድረስ ተቀመጥኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ "ምን ብለህ ነበር?" አልኩት። "ሲያስተካክሉት ትሰሚዋለሽ" አለኝ። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ጠየቅሁት! መልሱ አንድ ነው፦ "ለሰው ያልኩት ነው፣ ላንቺ አይደለም።"

ሰኞ ማንም ሳይመጣ ገብቼ አድራሻውን መለስኩ፣ ጥቅሎቹን ጫንኩ፣ ፊልሙን ከፈትኩ። ዝም። አንድ ጥቅል የዘለልኩ መስሎኝ ከደብተሬ ጋር አስተያየሁት፤ ሁሉም አለ። ሌላ ፊልም ብከፍት ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። ያን ጊዜ ነው የፊልሙን የራሱን ፋይል ያየሁት። መምህሩ ለወላጆች ሲዲ ሊያድል ቃል ገብቶ ስለነበር፣ ድምፁ ሌላ ማጫወቻ ላይ ይሰማል ብሎ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ፊልሙን በዚያው ኮምፒውተር ወደ ሌላ ዓይነት ፋይል ለውጦት ኖሯል። ኮምፒውተሩ የማይሰማውን ድምፅ ከየት አምጥቶ ይገልብጠው? ምስሉን ብቻ ገለበጠ። መምህሩ ደግሞ የመጀመሪያውን ፋይል ቦታ ያዘብኝ ብሎ አጠፋው። ካሜራው ለባለቤቱ ተመልሷል፤ በላዩም የሰው ሠርግ ተቀርጾበታል።

በዚያው ወር የትምህርት ቤቱ ኃላፊዎች በወላጆች ፊት አዋረደን ብለው የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ ከመምህሩ ወሰዱ። ዕቃውን በካርቶን ይዞ ደረጃውን ሲወርድ ከላይ ሆኜ አየሁት። ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ቤት ደርሼ ያን ጧ ጧ እስክሰማ ብቻ ነበር።

አባቴ ካረፈ ጥቂት ዓመታት ሆነው። ከለቅሶው በኋላ የመምህሩን ስልክ አፈላልጌ ደወልኩ። አርጅቷል፤ ድምፁ ይቆራረጣል።

"አባቴን የቀረጹት እርስዎ ነዎት። ምን ነበር ያለው?"

"የቱ አባትሽ?"

"ሸማኔው። ሽሮ ሜዳ።"

"አዎ፣ አዎ... ማለቴ፣ ስላንቺ ነበር የሚያወራው። ብዙ ነገር አለ፤ ሰውየውን እንባ ሁሉ ተናንቆት ነበር። ቃሉን ግን ረስቼዋለሁ ልጄ።" ከዚያ እሱ በተራው ጠየቀኝ። "ኪቦርድ የምታጸጂልን ልጅ አይደለሽ?"

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔ ግን አባቴን የወጋሁትንም አልረሳሁ።

ዛሬ እንጀራዬም ይኸው ነው፤ የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች ከየትኛው ምንጭ ምን እንደሚያመጡ እጠብቃለሁ። ያቺን ፋይል ማንም እንዲነካት አልፈቅድም፤ ክፉ ናት ይሉኛል፣ ይበሉኝ። መምህሩ ያደለው ሲዲ ላይ ያለውን ፊልም ወደ ላፕቶፔ ገልብጬዋለሁ። ከረጢቷ ከልብሶቹ ሥር ከወጣች ወዲህ በየቀኑ እከፍተዋለሁ። የጎደለ ጥቅል ካለ ፈልግልኝ ብዬ ሲስተሙን አዘዋለሁ፤ ምንም አልጎደለም ይለኛል። አባቴ መወርወሪያውን ያቆማል፣ ቀና ይላል፣ ጣቱን ወደ ቦርሳዬ ይቀስራል፣ ይስቃል፣ ይናገራል። እኔም ሳላስበው ወደ ፊት ጎንበስ ብዬ እጄን ወደ ጆሮዬ እወስዳለሁ።